ለሹራብ ልክ የተሳለው ሰው

ባለቤቴ ሰሞኑን ሹራብ መሥራት ጀምራለች። ይህም ማለት እኔ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ልጅ የዳርኩ ሰው፣ ሁለት እጄን እንደ ልብስ መስቀያ ዘርግቼ ፊቷ እቀመጣለሁ፤ እሷ ክሩን ከእጄ ላይ እየሳበች ትጠቀልላለች። ባለፈው እሑድ እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ ክሩን ከእጄ ላይ ስጥለው አይታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። እርጅና ነው ብዬ ቀለድኩ። እርጅና አልነበረም። እንደዚያ እጄን ዘርግቼ ክር የያዝኩላት ሌላ ሴት ትዝ ብላኝ ነው። ይህን ብነግራት ሌላ ጣጣ ስለሚመጣ እዚህ ልጻፈው።

የሌላዋ ሴት ስም እትዬ ዘይነባ ነው። ያኔ እሳቸው ወደ ስልሳ ዓመት ተጠግተዋል፣ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ለጋምቤላ ሕፃናት ማንበቢያ መጽሐፍ ሠላሳ ሥዕል በሠላሳ ቀን እንድሠራ ቀጥሮኝ ነበር። መጀመሪያ መቱ ቤቴ ተቀምጬ ጉማሬ ስዬ ብልክላቸው፣ ጥርሷን ያመማት ላም ትመስላለች ብለው መለሱልኝ። ሄደህ እያየህ ሳል ተባልኩ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ተሳፈርኩ። ደጋው ገና በጉም ተጠቅልሎ፣ የመንገዱ ዳር በቢጫ አበባ ተሸፍኖ ነበር። ጎሬ ላይ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ቡሬ ላይ ሹራቤን፣ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሸሚዜን፤ ጋምቤላ ስደርስ ያልወለቀው ቆዳዬ ብቻ ነበር። ከተማው ውስጥ ጥላዬ እንኳ ጥላ ፍለጋ ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

የተከራየሁት ክፍል የሐጂ ሰይድ ግቢ ውስጥ ነው። ሐጂ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ከባሮ ዳርቻ ከፍ ብሎ፣ አረንጓዴ በሩን ወደ ወንዙ አዙሮ የቆመ ነው። እትዬ ዘይነባ ባለቤታቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ዓሳ ጠብሰው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ እስክጠግብ ሳይሆን መተንፈስ እስኪያቅተኝ አበሉኝ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከጉልበታቸው ላይ የጀመሩትን ሥራ አነሡ። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሴትዮዋ የሱፍ ሹራብ እየሠሩ ነበር።

ክሩ በስህተት ከጨርቅ ጋር ተጭኖ የመጣ አንድ ካርቶን ሙሉ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ማን ይገዛዋል? እሳቸው ግን ለልጃቸው ለጀማል ይሠሩበታል። ጀማል ከሦስት ዓመት በፊት ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወርዶ፣ ወባ ይዞት፣ ብርድ ብርድ ይለኛል ብሎ በሰው እጅ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ። የሚቆፍሩት ጉድጓድ ተደርምሶ ሰዎች ቀብሯል፣ ጀማልም ከውስጥ ነበር ተባለ። አስከሬን አልወጣም። ሐጂ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ዱዓ አስደረጉ፣ የልጃቸውን ልብስ ለምስኪን ሰጡ። እትዬ ዘይነባ ሁሉንም እሺ አሉ። ሹራቡን ግን አላቆሙም።

እኔ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ወርጄ ታንኳና ዓሣ አጥማጅ እስላለሁ፣ ከሰዓት ተመልሼ ክር እይዝላቸዋለሁ። ጥቅምት ሲገባ ባሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጉደል ጀመረ። ደጋው ላይ ጥቢ አበባ ያወጣል፤ እዚያ ወንዙ ክረምቱን ሙሉ የወሰደውን ጭቃው ላይ ይመልሳል፦ ነጠላ ጫማ፣ የተገነጠለ መዝጊያ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር። ሰዎች ወርደው የራሳቸውን ይፈልጋሉ። እትዬ ዘይነባ ከበረንዳው ሆነው ያዩአቸዋል።

አንድ ቀን ሥራቸውን አቆሙና ተመለከቱኝ።

«አንተ ሠዓሊው፣ ያላየኸውን ሰው መሳል ትችላለህ?»

«ያላየሁትን ጉማሬ ስዬ አይደል እዚህ የተላክሁት» አልኳቸው።

አልሳቁም። ሹራቡ ትከሻው ጋ ደርሶ ነበር። ፊቱን በሕልሜም በእውኔም አየዋለሁ፣ ትከሻው ግን ጠፋኝ አሉ። ፎቶውን ደግሞ ምስጥ በልቶታል። ስለዚህ ከወገቡ በላይ በቁመቱ ልክ እንድስለውና ሥራቸውን እላዩ ላይ አድርገው እንዲለኩ ፈለጉ። ቅንድቡ እንደ አባቱ፣ አፍንጫው እንደ እኔ፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ትከሻው ከእኔ የማይበልጥ ብለው ነገሩኝ። ከሱቁ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት አምጥቼ በሊጥ አጣብቄ ጀመርኩ።

ሐጂ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ አዩን። የሰው ሥዕል ቤቴ ውስጥ አይሰቀልም አሉ በለሆሳስ።

«ማን ሊሰቅለው? መሬት ላይ ነው የማነጥፈው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ሥዕል አይደለም፣ የሹራብ ልክ ነው።»

ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን በልክ የኖሩ ነጋዴ ናቸውና፣ ልክ ሲባሉ እጃቸውን ታጥበው ወደ ምሳቸው ቀረቡ።

ሰባት ጀማል ሳልኩ፤ ስቆጥረው ሰባ ይመስለኛል። አንዱን የቀበሌ ጸሐፊ ይመስላል አሉ። ሌላውን፣ ይሄስ ደህና ልጅ ነው፣ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው አሉና አጥፈው መለሱልኝ። ሙያዬ ተዋረደ። እልህ ያዘኝ።

ያኔ ነው ወንዝ ዳር ያለውን ሰው ያስተዋልኩት። በየጠዋቱ ከማንጎው ሥር ይመጣል፣ ሸሚዙን አጥቦ ድንጋይ ላይ ያሰጣል፣ እስኪደርቅ ራቁት ደረቱን ይቀመጣል። ደገኛ ነው፣ ጢሙ ያደገ። ባሮ ዳር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞራል፤ እሱ ብቻ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ይህ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የጠዋት ብርሃን ፊቱ ላይ ወለል ብሎ ይወድቅልኛል። ሠዓሊ ማለት እንዲህ ያለ ደንቆሮ ነው። ብርሃኑን አየሁ፤ ሰውየው ምን እንደሚያይ አላየሁም። ሦስት ጠዋት ከታንኳዎቹ ጀርባ ተደብቄ ሳልኩት። ጢሙን ላጨሁለት፣ ትከሻውን እንዳለ ገለበጥኩ፣ ወደ ትልቁ ወረቀት አሳድጌ አመጣሁት።

እትዬ ዘይነባ ወረቀቱ ሲዘረጋ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከዚያ ተንበርክከው ግራ ቅንድቡን ነኩ። መሀል ላይ ትንሽ ተቋርጣለች፤ እኔ እንዳየሁት ነበር ያስቀመጥኳት።

«ይሄንን ረስቼው ነበር» አሉ። «ሱቅ ውስጥ መቀስ ላይ የወደቀ ጊዜ ነው። አምስት ዓመቱ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ አየኸው?»

አሁን እንኳ ይህችን ጥያቄ ስጽፋት ጆሮዬ ይግላል። አንድ መንገደኛ ነው የገለበጥኩት ማለት ነበረብኝ። ግን ከእናት አፍ ብቻ ሰምቶ ሰው የሚስል ሊቅ መሆን አማረኝ። እርስዎ ሳይነግሩኝ አይቀርም፣ ከአፍዎ ነው የሳልኩት አልኩ። ይሆናል፣ ብዙ ነው ያወራሁት አሉ። ሐጂ ሲገቡ ወረቀቱን አይተው ቆሙ። ጫማቸውን አውልቀው፣ እንዳይረግጡት በግድግዳው ጥግ ዞረው አለፉ።

ሊቅነቴ እስከ ማግስቱ ብቻ ቆየ። ቅንድቧ አላስቀመጠችኝም። ገና ሲነጋ ወረድኩ። ማንጎው ሥር ማንም የለም። ኦባንግ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ወዳጄ መረቡን ይጠግን ነበር፤ ስለ ሰውየው ጠየቅሁት።

«ሄዷል» አለ። «ትናንት አንተ እሱን ስትስል አየ። ይሄ ልጅ ምን ይጽፋል አለኝ። ሥዕል ነው፣ ለልጆች ነው አልኩት። ሸሚዝ ገና እርጥብ ነው፣ እንደዛው ለበሰ፣ ወደ መኪና ሄደ።»

«ወዴት?»

«ጎግ ይሁን ዲማ፣ እኔ አላውቅም። ዘጠኝ ቀን እዚህ ነው። ውኃ አያይም፣ ያንን ያያል።» በአገጩ ወደ ላይ፣ ወደ አረንጓዴው በር አመለከተኝ። «የማን ቤት ነው አልኩት። የሞተ ሰው ቤት ነው አለ። እዛ ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?»

ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። በተፈጥሮዬ ሁሉን ነገር ማጋነን እወዳለሁ፤ ይህን ግን ማጋነን አልችልም። መኪኖቹ ሄደው ነበር። የቀረው አቧራው ነው።

ሽቅብ ስመለስ በዚያች አጭር መንገድ ስንት ሐሳብ አወጣሁ አወረድኩ። ምን ያስፈራዋል? ባዶ እጁን መመለስ? የተለቀሰለት ሰው በሕይወት መግባት? ሊገባ ዘጠኝ ጠዋት ሙሉ ድፍረቱን ሲያጠራቅም ኖሮ፣ ያባረርኩት እኔ ብሆንስ? ልጅዎ ሕያው ነው ግን ደጃፍዎ ደርሶ ተመለሰ ብላቸው፣ ማዳን ነው ወይስ ሁለተኛ መግደል?

እትዬ ዘይነባ ወረቀቱን በረንዳው ላይ አንጥፈው፣ የሹራቡን ጀርባ እላዩ ላይ ዘርግተው ይለካሉ።

«ቀጭን ነው አላልኩህም?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ብለውኛል።»

«ይሄ ሰፊ ነው። ደግሞ ይሄ በኩል» ጣታቸውን ግራ ትከሻው ላይ አሳረፉ፣ «ወርዷል። ሸክም የኖረበት ትከሻ ነው። ይሄን እኔ አልነገርኩህም።»

ከዚያ ጠበቁኝ። እጃቸው ቆሞ፣ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ሆኖ ጠበቁኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እኔም በሕይወቴ በጠበበኝ ቁጥር የማደርገውን አደረግሁ።

«ክሩ ተርፎ እንዳይባክን ብዬ ነው ያሰፋሁት እትዬ» አልኩ።

ለእኔ ሲሉ ትንሽ ሳቁ። ከዚያ መርፌዎቹን አነሡና በሰፊው ልክ ቀጠሉ።

ሠላሳኛውን ሥዕል ጨርሼ ልሄድ ስል ሹራቡ አልቆ ነበር። እዚያ ግቢ ልብስ የሚሰጣው በመሀል በተዘረጋው ገመድ ላይ ነው። ሹራቡ ግን ወንዙ በኩል ባለው አጥር ላይ፣ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ተሰቅሏል። እስኪደርቅ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አልታጠበም አሉኝ። ሻንጣዬን እስከ በሩ አብረውኝ ያዙ፣ አብሽር ልጄ ብለው ሸኙኝ። መኪናው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ዞሬ አየሁ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የቆመ ይመስላል።

መጽሐፉ ታተመ፤ ጉማሬዬ ተወደደልኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ፊት ስያለሁ፤ ሳላስፈቅድ የሳልኩት ሕያው ሰው ግን የለም። የመጽሐፍ አዘጋጆች የምስላቸው ሰዎች ሁሉ ማንንም አይመስሉም ብለው ያሙኛል። እውነታቸውን ነው፣ እንዳይመስሉ ነው የምደክመው። አውቶቡስ ተራ ስቆም የሰው ፊት አላይም፣ ትከሻ ነው የማየው። ከመቱ ጋምቤላ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መድረስ አቅቶኛል። በየጥቅምቱ ዘንድሮ እሄዳለሁ እላለሁ፣ በየጥቅምቱ ወገቤን ያመኛል፣ መንገዱ ይበላሻል፣ ሥራ ይበዛል። ሰበብ በመሥራት የሚስተካከለኝ የለም። ሐጂም እትዬም በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

የዚያ ቤት ሰው ይህን የሚያነብ ካለ ይንገርልኝ። እትዬ ዘይነባ፣ ከአፍዎ አልሳልኩትም። ማንጎው ሥር ዘጠኝ ጠዋት ፊቱን ወደ በርዎ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን አልነበረም። ሹራቡ ልኩ ነበር።