ከግድግዳ ላይ የወረደው የአክስቴ ፎቶ

ዛሬ ጠዋት ፎቶዬን ከሰቀልኩበት ግድግዳ ላይ ሚስማሩን ብቻ አገኘሁት።

እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ በተከፈተው የጥበብ ፌስቲቫል ላይ ትናንት አምስት ፎቶ ሰቅዬ ነበር። የጠፋው የአክስቴ ያልጋነሽ ነው፤ ይህንኑ አዳራሽ ሲወለውሉ ያነሳኋቸው።

መናሄሌቷን፣ የአዳራሹንና የፌስቲቫሉን ኃላፊ ማለቴ ነው፣ ጠየቅኋት። "መስታወቱ ተሰንጥቆ ለጥገና ወረደ" አለችኝ።

መጋዘን ገብቼ አየሁት። ጭረት እንኳ የለበትም።

ተመልሼ ስጠይቃት ወሬው ተቀየረ። "አህራዩት አለብን፤ የሴትዮዋን ክብር የመጠበቅ ኃላፊነት" አለች።

(አክስቴ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲወለውሉላት ስማቸውን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ክብራቸው ዛሬ ትዝ አላት።)

እውነቱን ለመናገር ራሴንም ጠረጠርኩ። አክስቴ ፈቅደውልኛል፤ ግን እንዳልቀየማቸው ብለው ቢሆንስ? ደወልኩላቸው። ሮቫ ጊሜል ከሚባለው ሰፈራቸው በአውቶቡስ መጡ።

"አክስቴ፣ አይደብቁኝ። ፎቶው አንቱን ያሳፍርዎታል?"

"ሠርቼ በበላሁበት ምን ያሳፍረኛል? መናሄሌቷን ካሳፈራት እሷ ታስብበት። ስቀይው ልጄ!"

ፎቶውን ከመጋዘን አወጣሁት፤ ራሳቸው ሚስማሩ ላይ አስተካክለው ሰቀሉት። መናሄሌቷ ቆማ አየችና "በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ" እያለች ፈገግ አለች።

ፈገግታዋ አልጣመኝም። ነገ በሩ ሲከፈት ቀድሜ እገኛለሁ።

እናንተስ? "ለእናንተው ብለን ነው" ተብላችሁ ሥራችሁን ያወረዱባችሁ፣ ግጥማችሁን የቆረጡባችሁ አላችሁ? እዚህ ከታች ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ተጠራጣሪ ሆኜ እንዳልቀር።