የማይክሮፎኑ ገመድ

ባለፈው እሑድ ልጄ የጉባኤያችንን ማይክሮፎን ይዛ በወንበሮቹ መሃል ስትሮጥ አየኋትና የእኔ ዘመን ማይክሮፎን ትዝ አለኝ። የእኔው ረጅም ጥቁር ገመድ ነበረው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ኖርዌይ፣ ኦስሎ ዳርቻ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። ኅብረታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አዳራሹ የላስቲክ ጫማና የረጠበ የሱፍ ጓንት ይሸታል። መመስከር የፈለገ ይቆማል፣ እኔ ማይኩን አደርስለታለሁ። በዚያ ሥራዬ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አባቴ በደርግ ጊዜ ካድሬ ነበር፤ እናቴ ደግሞ የቀበሌያቸው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። እሷ መድረክ ላይ ስትናገር ቀድሞ የሚያጨበጭበው እሱ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ኦስሎ ከመጣን በኋላ ጌታን አገኘ፤ ሽማግሌም ሆነ። እሱና ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ሴት በጉባኤ ፊት እንዳትናገር ወሰኑ። እናቴ ያን ሳምንት ሆስፒታል ነበረች። ስትወጣም አልነገራትም።

ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ነው የገባችው። «በሕይወት ከወጣሁ ሰው ፊት ቆሜ አመሰግንሃለሁ» ብላ ለእግዚአብሔር ቃል ስትገባ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ወጣች። እሑድ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና እጇን ዘረጋች።

«አምጪው፣ ሚሚዬ።»

አባቴ ከፊት ሆኖ «እለፊያት» አለኝ።

ከኋላ አንዱ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስብሰባው ተዘግቷል!» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅሁና ማይኩን ከእሷ ኋላ ለቆመው ሰውዬ ወሰድኩለት። ገመዱ ጫማዋ ላይ ተያዘ። ጎተትኩት። እናቴ እግሯን አንስታ አሳለፈችልኝና ተቀመጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ፣ «እማዬ፣ ቤት ሆነሽ ብታመሰግኚውስ?» አልኳት።

«ሰው ፊት ነው ያልኩት» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስታ አታውቅም።

አባቴ አርፏል። ዛሬ በጉባኤያችን ሴቶች ይመሰክራሉ፣ ያስተምራሉም። ልጄን «እለፊ» የሚላት የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው እሑድ ማይኩን ለአያቷ ዘረጋችላት። ማይኩ አሁን ገመድ የለውም።

«ሞርሞር፣ አንቺስ?» አለቻት፤ አያቷን የምትጠራት በኖርዌይኛው ነው።

«ሌላ ሰው ይጠብቅሻል፣ የኔ ልጅ። እለፊኝ» አለቻት።

ልጄ ስታልፍ እናቴ እግሯን አነሳች።