አባባ ሰዒድና ያረጀው ኮከብ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጭድ ተራ ነበር፤ የእናቴ አባት፣ አባባ ሰዒድ፣ በራችን ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። አመሻሽ ላይ ሲጠፋ ስፌቱን ትተው ፋኖስ ይለኩሱና የከሰል ካውያቸውን እያራገቡ ለእኔና ለግቢው ልጆች ተረት ያወሩልን ነበር። የፍሙና የተተኮሰው ሱፍ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ምሽት ግን ያወሩልን ተረት አልነበረም፤ ከሬዲዮ የሰሙት ነው። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲያረጅ ያብጥና የላይኛውን አካሉን ወደ ሰማይ ይበትነዋል፤ መሃል የሚቀረው ትንሹ እምብርቱ እጅግ ስለሚግል የተበተነውን ጋዝ በቀይና በአረንጓዴ ያበራዋል አሉን። ይህ የሚያበራ ጋዝ ፕላኔታዊ ኔቡላ የተባለውም ድሮ ያዩት ሰዎች ፕላኔት መስሏቸው ነው ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ መምህራችን ስለ ኮከብ የምናውቀውን ሲጠይቁን እጄን አውጥቼ አያቴ ነገሩን ብዬ ይህንኑ ተናገርኩ። ኮከብ አያረጅም፣ ይሄ የሽማግሌ ተረት ነው አሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በእኔ ቢስቁ ምንም አልነበረም፤ በአባባ መሳቃቸው ነው ያንገበገበኝ። ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

አባባ አልተቆጡም። በማግስቱ፣ ገበያው በሚደራበት ሰዓት፣ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጥ ሰው ይዘውኝ ሄዱ። ሰውየው ብዙ አገላብጦ አንድ የእንግሊዝኛ የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉን አገኘልን፤ ቀለበት የመሰለ ጭጋግ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ። ጽሑፉን ግን እሱም በቅጡ አልተረዳውም። የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ መጽሐፉን ይዘን ከዚያው ወደ ትምህርት ቤት አቀናን።

«ተሳስተው ቢሆንስ፣ አባባ?» አልኳቸው መንገድ ላይ።

«እዚያው ክፍል ውስጥ ተሳስቻለሁ እላለኋ» አሉኝ።

የክፍላችን በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «መምህር፣ እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። እርስዎ ያንብቡልንና ማን እንደተሳሳተ እንወቅ» ብለው መጽሐፉን ሰጧቸው።

መምህሩ አነበቡ፤ ከላይ ጀምረው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ልጆች፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ለአባባም ወንበራቸውን ለቀው እንዲነግሩን ለመኗቸው። አባባ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ለግቢው ልጆች በሚያወሩበት በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ኮከቡ እንዴት እንደሚያረጅ ነገሩን። የሳቀ አልነበረም። እኔ አንገቴን አቅንቼ፣ አያቴ ናቸው እያልኩ አጠገቤ ለተቀመጡት ሁሉ እነግር ነበር።

ዛሬ እኔም ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያኔ የኮራሁት ልክ ሆነው ስለተገኙ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋ ግን መጽሐፉ ሌላ ነገር ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። እጄን እንደያዙ፣ በዚያው ድምፅ፣ ተሳስቻለሁ ይሉ ነበር። እኔም ያንኑ ያህል እኮራባቸው ነበር።