ሳይደመር የተሰረዘው አራት

ልጄን ታቅፌ ክሊኒኩ ስገባ ነርሷን ወዲያው አወቅኳት። አርባ ምንጭ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬአታለሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ምዕራብ ዓባያ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ነው የልጄ ትኩሳት መንገድ ላይ አልበርድ ያለው። ሐኪሙ መርፌ አዘዘላት፣ ሁለት መቶ ሚሊግራም ብሎ ጽፎ ወጣ።

የመድኃኒቱ ዱቄት አንድ ሺህ ሚሊግራም ነው። በአራት ሚሊሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ዱቄቱ ራሱ አንድ ሚሊሊትር ይጨምርበታል። ነርሷ የጓንት ካርቶን ላይ ጻፈች፦ ከመስመሩ በላይ አንድ ሺህ፣ ከመስመሩ በታች አራት ሲደመር አንድ። እስከዚህ ልክ ናት። ከዚያ የላይኛውንና የታችኛውን ለአራት አካፍላ አራቱን ሰርዛ አንድ አደረገችው፣ ሺውን ደግሞ ሁለት መቶ ሃምሳ። ከታች አንድ ሲደመር አንድ ቀረ።

«በአንድ ሚሊሊትር መቶ ሃያ አምስት» አለች ለራሷ፤ ሲሪንጁን እስከ አንድ ነጥብ ስድስት ሞላችው።

መጀመሪያ የታችኛው ይደመራል፣ አምስት ይሆናል፣ ከዚያ ነው የሚካፈለው። በአንድ ሚሊሊትር ሁለት መቶ አለ። ለልጄ አንድ ብቻ ይበቃት ነበር።

«ቆይ! ማነው እንደዚህ ሰርዢ ያለሽ?» ጮህኩባት። ቁጡ ነኝ፤ ክፍል ውስጥም ጠመኔ እወረውር ነበር።

ፈገግ አለች። «እርስዎ ነዎት እኮ ቲቸር። ከላይና ከታች ለአንድ ቁጥር የሚካፈል ካያችሁ ሰርዙ ይሉን ነበር።»

ብያለሁ። ፈተና ደርሶብኝ በጥድፊያ አስተማርኩና መሃል መደመር ካለ እንደማይሆን ሳልነግራቸው አለፍኩ። ስህተቱን ወረቀታቸው ላይ ሳየውም ለድካማቸው ብዬ ግማሽ ማርክ ሰጠሁ። እሷ በዚያ ግማሽ ነው ያለፈችው።

እስክሪብቶውን ቀምቼ አሳየኋት። ፊቷ አመድ መሰለ። ትርፉን ደፍታ ልጄን አንድ ሚሊሊትር ወጋቻት።

«ይሄን መድኃኒት ለስንት ልጅ ሰጥተሻል?» አልኳት።

በሩን አየች። ውጭ አግዳሚው ላይ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ለሁለተኛው ቀን መርፌ ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ተነስታ ገባች።

«ሲስተር፣ ልጄ ከትናንቱ መርፌ ወዲህ ጡት አልይዝ ብሏል» አለች።

ነርሷ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።