ሠላሳ አንድ ፊርማ

ሲስተር የዓለምወርቅ ሰው ማመን ያቆመችው መቼ ነው? ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ሰፈሯም ሆነ ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ባገለገለችበት ሆስፒታል አይገኝም። ጎረቤቶቿ ባሏ ለሁለት ሳምንት ሥራ ብሎ ሐዋሳ ወርዶ ከቀረ ወዲህ ነው ይላሉ። አብረዋት የተማሩት ደግሞ ተማሪ ሳለችም የተሰጣትን ዳቦ ለሁለት ከፍላ ውስጡን ሳታይ አትጎርስም ነበር እያሉ ይስቃሉ። ራሷን የጠየቃት እንደሆነ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ብላ ታልፋለች። በዚህም ወጣቶቹ ነርሶች ከጀርባዋ «ሲስተር ስንጥር» ይሏታል። ታውቃለች። ስሙን ያወጣላት ማን እንደሆነም ትጠረጥራለች።

አንድ ነገር ግን የታወቀ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በውስጥ ደዌ ክፍል ሃያ ስድስት በሽተኞች ይዛ ብቻዋን ተረኛ ነበረች። አልጋ አራት ላይ አንድ ወጣት ሲንቀጠቀጥ ደግፋ ይዛው ሳለ፣ አልጋ ሃያ ሁለት ላይ የነበሩ አዛውንት ኦክስጅናቸው አልቆ አረፉ። አጣሪ ኮሚቴው ሁለት ወር አመላለሳት። «እኔ አንድ ነኝ፣ እነሱ ሃያ ስድስት ነበሩ» ስትል፣ «ስንት መሆን አለባቸው የሚል ሕግ አለ?» ብለው ጠየቋት። አልነበረም። የጻፉባት ማስጠንቀቂያ በግል ማኅደሯ ተቀመጠ፤ ሃያ ስድስት የሚለው ቁጥር ግን የትም አልተጻፈም።

ዘንድሮ አንድ የጤና ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ አስተያየት ወጣ። የዓለምወርቅ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ በስልኳ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በእንክብካቤ ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት ተረኛው ነርስ እንደሚጠየቅ አንድ ሙሉ አንቀጽ ተጽፏል። አንድ ነርስ ስንት በሽተኛ እንደሚይዝ ግን አንዲት ቃል የለም።

«ረስተውት አይደለም» አለች ጮክ ብላ፣ ከፊቷ የቆመው ሰው እስኪዞር ድረስ።

ነርሶቹ ተመካክረው ያ ቁጥር በሕጉ እንዲገባ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለማስገባት ወሰኑ። የጽሑፍ አስተያየት መቀበያው የሚዘጋው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ነው። አርቅቂው ሲሏት እሺ ያለችው አምናቸው አይደለም፤ ሌላ ሰው ከጻፈው ምን እንደሚጨምርበት ስለማታውቅ ነው። የፊርማው ወረቀት በባዶ የበሽተኛ ቻርት ውስጥ ተደብቆ ከክፍል ክፍል ዞረ። ሰኞ ማታ ላይ ሠላሳ አንድ ሰው ፈርሟል። የዓለምወርቅ ወረቀቱን ለቦሰና ሰጠቻት። ቦሰና ከአጠገቧ ክፍል የምትሠራ፣ የአሥር ዓመት ወዳጇ ናት፤ መንገዷ ላይ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለ።

«አስተይቢው፣ ኮፒ አድርጊው፣ ማንም እንዳያይሽ።»

«እኔን ነው? በእኔ ጣይው» አለች ቦሰና።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የነርሲንግ ዳይሬክተሯ እሌኒ አስጠራቻት። እሌኒም ድሮ እዚያው ክፍል አብራት የሠራች ነርስ ናት።

«ቁጭ በይ፣ የዓለም።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ትናንት ከቀኑ ስምንት ከሃያ ላይ ሌሊሳ ምን ይሠራ ነበር?»

የዓለምወርቅ ዘወር ብላ በሩ መዘጋቱን አየች።

«ሰባት ከአርባ ላይ ቦሰናስ? አምስት ከሩብ ላይ አንቺስ? በሥራ ሰዓት በሽተኛ ጥሎ ፊርማ ማሰባሰብ ምን እንደሚያስከትል አታጪውም። ሐሙስ ለሠላሳ አንዳችሁም ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ከተዋችሁት ግን... እ... ማለቴ፣ እኔም አላየሁም፣ እናንተም አልጻፋችሁም። በቃ።»

ከቢሮው ወጣች። ማስጠንቀቂያውን ለምዳዋለች፤ ያስፈራት ሰዓቱ ነው። አንድም ደቂቃ አልተሳሳተም። ታዲያ ማን ነው ሰዓት እየተመለከተ አጠገባቸው ቆሞ የነበረው?

ሌሊሳ! ከአንድ ጤና ጽሕፈት ቤት ተዛውሮ ከመጣ አራት ወሩ ነው። ኮሪደር ላይ በስልክ ሲያወራ እሷ ስታልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሳትጠይቀው ሻይ ያመጣላታል። ሳይጠየቅ ሻይ የሚያመጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይፈልጋል። እሌኒ ከሁሉ በፊት የጠራችው የሱን ስም መሆኑ ትንሽ አስቸገራት። ወዲያው ግን ገባት፤ እንዳይጠረጠር ነዋ ያስቀደመችው!

በዚያው ቀን ወጥመድ አዘጋጀች። ሌሊሳን ጠርታ በሹክሹክታ «ወረቀቱ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ዘመዴ ሸማኔ ቤት ነው ያለው» አለችው። ውሸቷን ነው። እሌኒ ነገ ሽሮ ሜዳ የሚል ቃል ካወጣች፣ ተያዘ። ረቡዕ ጠዋት እሌኒ በኮሪደሩ አለፈች። «እንደምን አደርሽ» አለች እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም።

«አስጠንቅቋታል» አለች የዓለምወርቅ በሆዷ። ቢናገር ጥፋተኛ ነበር፤ አሁን ደግሞ ብልጥም ሆነ።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ በነርሶች ማረፊያ ክፍል፣ ሰው ሁሉ ምሳ ዕቃውን እንደከፈተ አፈነዳችው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ቃል ገቡልህ?»

«ለምኑ፣ ሲስተር?»

«ለሰዓቱ። ማን መቼ እንደፈረመ ለእሌኒ ስትነግራት ደቂቃ እንኳ አላጎደልክም፤ ነገ ለሠላሳ አንዳችንም ማስጠንቀቂያ ይወጣል።»

ሌሊሳ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ? የራሴን ስም ጨምሬ?»

«ብልጠቱ እሱ አይደል!»

«ሲስተር ስን—» አለ አንዱ ከጥግ፣ ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

ቦሰና ግራ ገብቷት ቀና አለች። «የትኛው ሰዓት ነው? ፊርማው ጎን ያለው?»

«የት ያለው?»

ቦሰና ከቦርሳዋ ኮፒውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በእያንዳንዱ ፊርማ ጎን ሰዓት አለ። ሰዓት ጻፉ ያላቸው የለም። ነርስ መድኃኒት ከሰጠች ስሟንና የሰጠችበትን ሰዓት ትጽፋለች፤ ዕድሜ ልኩን እንዲህ የለመደ እጅ ሌላ አፈራረም አያውቅም። ከሁሉ በላይ የሰፈረው ደግሞ የዓለምወርቅ የገዛ ፊርማዋ ነው፤ አምስት ከሩብ።

«ይሄን እሌኒ የት አየችው?» አለች፣ ድምጿ ቀንሶ።

«ግልባጩ ደርሷት ነዋ። ትናንት ጠዋት የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ገቢ ያደረግሁት እኔው ነኝ። አስፈርሜ።»

«አንቺ?! ማንም እንዳያይሽ አላልኩሽም?»

«እናቴ ትሙት፣ ማንም አላየኝም! መዝገብ ቤት ስገባ ሰው አልነበረም። ግልባጭ ብለሽ የጻፍሽው ደግሞ አንቺ ነሽ!»

ከደብዳቤው ግርጌ፣ ከሷ ረቂቅ ቃል በቃል የተተየበ፦ «ግልባጭ፦ ለነርሲንግ አገልግሎት ዳይሬክተር»። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ስትጠይቅም፣ ጓንት አለቀ ብላ ስታመለክትም ያለዚያ መስመር ደብዳቤ ጨርሳ አታውቅም። ጽፋው እንደነበር እንኳ አታስታውስም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት እሷና ሌሊሳ ብቻ ናቸው።

«ይቅርታ» አለችው ሌሊሳን።

«እሱን ሌላ ቀን ይሉኛል፣ ሲስተር» አለ ሌሊሳ። «ነገ ስድስት ሰዓት ይዘጋል።»

ግማሾቹ ይቀደድና ሰዓት ሳንጽፍ እንደገና እንፈርም አሉ። ግን ከፈረሙት አሥሩ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ማስጠንቀቂያውን ከሰሙት ውስጥም ሁለተኛ የማይፈርም አለ። ሌሊሳ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ሰዓቱን ለምን እናጠፋዋለን? በዚያ ሰዓት እያንዳንዳችን ስንት በሽተኛ ይዘን እንደነበር ጎኑ ላይ እንጻፍበት። የርክክብ መዝገቡ አለ። አንድ ፊርማ ስንት ሰኮንድ ይፈጃል? በሽተኛው ስንት ነበር? አንባቢው ይፍረድ።»

የዓለምወርቅ ፊቱን አተኩራ አየችው። በእጃችን የራሳችንን ክስ ሊያስጽፈን ይሆን? «ካንተ ጀምር» አለችው።

«ስምንት ከሃያ። አሥራ ዘጠኝ በሽተኛ» ብሎ ጻፈ።

እሱ መዝገቡን እያነበበ እሷ ጻፈች። ያነበበላትን እያንዳንዱን ቁጥር መዝገቡን ወደ ራሷ አዙራ አረጋገጠች። አንድም ስህተት አላገኘችበትም፤ ይህ ደግሞ ይብስ አሳሰባት። በራሷ ስም ጎን ሃያ አራት ብላ ጻፈች።

ቀኑን ሙሉ ሠርታ የዚያኑ ዕለት የአዳር ተራዋም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ለተረኞቹ አስረክባ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ቁጥር የተጨመረበትን ወረቀት እሌኒ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እሌኒ በቁጥሮቹ ላይ ጣቷን እያወረደች ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«ይሄን ልታስገቡት ነው?»

«አሁን ልሄድ ነው።»

«ማስጠንቀቂያውስ?»

«ጻፊው። ግን ቁጥሩንም ጻፊበት። የኔ ሃያ አራት ነው። ማኅደሬ ውስጥ አብሮ ይቀመጥልኝ።»

እሌኒ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ አስገባች። የዓለምወርቅ ግን ሦስት ኮፒ ይዛ ነበር።

ሌሊሳ አብሬ ልሂድ ሲል እንቢ አለችው፤ ቀጥላም ከዓይኗ ከሚርቅ አጠገቧ ቢሆን ይሻላል ብላ ተስማማች። ፖስታውን ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ አራት ኪሎ ወረዱ። በአስተያየት መቀበያው መስኮት የተቀመጠው ሠራተኛ ገጾቹን ቆጥሮ ማኅተም መታ።

«ገብቷል። ይሂዱ።»

«ቁጥሩ መዝገብዎ ላይ ሲጻፍ ልየው።»

«አላመኑኝም እንዴ፣ እናቴ?»

«አላመንኩዎትም።»

ሰውየው ሳቀና መዝገቡን አዞረላት። አየችው። አራት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

ወደ ሽሮ ሜዳ ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ የሌሊሳ ስልክ ጮኸ። አንስቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የዓለምወርቅ ወደ መስኮቱ ዞራ ጆሮዋን ወደ እሱ ጣለች፤ የሰማችው «እሺ እማዬ፣ ደርሻለሁ» የሚል ብቻ ነው።

ቤቷ ገብታ ልብሷን እንደለበሰች ጋደም አለች፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም። ማስጠንቀቂያው ወጥቶ ይሆን? እሌኒ ያን ወረቀት ያስቀረችው ለምንድን ነው? መዝገብ ላይ የገባ ደብዳቤስ ይነበባል ያለው ማን ነው? ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ቦሰና ደወለች።

«ለማንም አልወጣም። እሌኒ ቢሯን ዘግታ የሁሉንም ክፍል የርክክብ መዝገብ አስመጥታ እየቆጠረች ነው አሉ።»

«ለእኛ ነው የምትቆጥረው ወይስ በእኛ ላይ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የዓለም። ተኚ በቃ።»

ስልኩን ዘጋች። ተነሥታ በሩ መቆለፉን አየች፤ ተመልሳ ጋቢዋን ተከናነበች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንቅልፍ ወሰዳት።