ጨው አልባ ወጥ ለአማቴ

ሐኪሙ አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ጨው የከለከላቸው እኔ ባገባሁ በዓመቱ ነው። ደም ብዛት ይዟቸው እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው ነበር። ቦንጋ ባለው ቤታቸው የማበስለው እኔ ስለሆንኩ ያስጠነቀቀውም እኔን ነው። «ጨው የሚባል እንዳይቀምሱ። ለሕይወታቸው ያሰጋል» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላታቸው ሆንኩ። ጎመኑን በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ ባሳምረውም አንድ ጊዜ ጎርሰው ሳህኑን ይገፉታል።

«ከብት እንኳ ጨው ይልሳል! እኔ ከላም አንሼ ነው?»

 ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የደካ ገጠር ልጅ ነኝ፤ ሰው ፊት አፌ ይታሰራል። ዝምታዬንም ይጠሉት ነበር። «ዲዳ አመጣልኝ» እያሉ ልጃቸውን ይወቅሱ ነበር።

ደህና አድርገው የሚበሉት ሽሮና ቀይ ወጥ ብቻ ነበር። በርበሬው የጨውን ቦታ የተካ መስሎኝ ጨመር አደረግሁላቸው። እግራቸው ግን ጭራሽ አበጠ። ሐኪሙም ሲለካቸው ደማቸው ከፍ ብሏል አለ።

ይህን የሰማች የባሌ ታላቅ እህት ከሺሺንዳ በአይሱዙ መጣች። የጫማዋን ጭቃ ሳታራግፍ ጓዳ ገባች።

«እናቴን ልትገድያት ነው? ተደብቀሽ ጨው ትጨምሪያለሽ!»

«አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ? ወንድሜ ዛሬውኑ ወደ አባትሽ ቤት ይመልስሽ!»

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።  ያንን አልረሳለትም።

እህቱ ጨው ፍለጋ ዕቃውን ሁሉ ትከፍት ጀመር። የበርበሬውን ክዳን ስታነሳ ዓይኔ እዚያው ቀረ። በርበሬውን ያዘጋጁት አማቴ ራሳቸው ናቸው፣ ከመታመማቸው በፊት። እንደ ወጉ ጨው አምሰው ከቅመሙ ጋር ቀላቅለው ነው ያስፈጩት። ሽሮውም የተሠራው በዚያው በርበሬ ነው። በቤቱ ውስጥ ጨው ብለን የምንቆጥረው ድስት ላይ በእጃችን የምንጨምረውን ብቻ ነበር።

ቆንጥሬ መዳፏ ላይ አደረግሁላት። 

«እትዬ፣ ይቅመሱት።»

ላሰችው። ጨው ጨው አላት። ከዚያ «እስከ ዛሬ አፍ የለሽም?» ብላ ጮኸችብኝ።

አማቴ ከሳሎን «በርበሬዬን እንዳትነኩ! ያለ ጨውማ ይነቅዛል!» አሉ።

በርበሬውንም ሽሮውንም ጠራርጌ እህትየዋን አሸከምኳት። አዲሱን ያለ ጨው አስፈጨሁ፤ ወፍጮ ቤት የተሰለፉት ሴቶች ሳቁብኝ። የአማቴ እግር እብጠት እያደር ጎደለ፤ ጫማቸው ገባ። ለጠያቂው ሁሉ «ልጄ ደርሳ አዳነችኝ» ይሉ ነበር፣ እኔ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ወደ አባቴ ቤት ስለመመለስም ዳግመኛ ያነሳ የለም።

ወጡን ሳቀርብላቸው «ሣር ነው» ይላሉ።

«ይብሉ» እላለሁ። እስኪጨርሱ ድረስ ከፊታቸው አልነሳም።