ሁለተኛው ኮፒ

ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ወዳለችው የአክበረት ፎቶ ኮፒ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ይለብሳሉ። ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ የጠቀለሉትን፣ በእጅ የተጻፈ ስሌት ሁለት ሁለት ኮፒ አስደርገው፣ አመስግነው ይወጣሉ። ስማቸውን ተናግረው አያውቁም።

ዛሬ ግን «አንድ ብቻ» አሏት።

«ሁለት አልነበር እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሁለተኛው ስህተቴን ለሚያርምልኝ ጓደኛዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቀበርነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች። ወረቀቱን እየተቀበለች ስለ ምን እንደሚጽፉ ጠየቀቻቸው።

«ስለ ሃይድሮጂን አቶም። ያለችው አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ ናት። ፕሮቶን በፍጥነት መጥቶ ሲገጨው፣ ኤሌክትሮኗ አንዳንዴ ወደ ላይ ዘላ ትመለሳለች፤ አንዳንዴ ጨርሳ ጥላው ትሄዳለች። የትኛው ስንት ጊዜ እንደሚሆን ነው የማሰላው። ገባሽ?»

«አልገባኝም» አለች አክበረት፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል። «ግን እዚህ መቀነስ የነበረው ከታች መደመር ሆኗል።»

ሽማግሌው መስመሩን ደጋግመው አዩት። ከዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እስቲ» አሉ፣ «ቀጣዩንም ገጽ እይልኝ።»